ዓይነ ስውር እንዴት ይሮጣል?

ያየሽ ጌቴ ዓይነ ስውር ሯጭ ናት። በ2016 ዓ.ም. በፓሪስ ከተማ በተደረገው ፓራሊምፒክ፣ ማለትም በአካል ጉዳተኞች የዓለም ውድድር፣ በ1500 ሜትር ሩጫ አንደኛ ወጣች። የዓለም ክብረ ወሰን ሰብራ ለአገራችን ወርቅ አመጣች።

ታዲያ መንገዱን ሳታይ እንዴት ሮጠች? ነገሩ እንዲህ ነው። ከጎኗ ዓይኑ የሚያይ መሪ ሯጭ አለ። የሁለቱን እጅ አንዲት አጭር ገመድ ታገናኛለች። መሪው መታጠፊያውን ይነግራታል፤ እርምጃውንም ከእርምጃዋ ጋር ያስተካክላል። ጥቂት ብርሃን የሚታያት ሌላዋን እንዳትበልጥ፣ ተወዳዳሪዎቹ ሁሉ ዓይናቸውን ይሸፈናሉ።

ደንቡ ጥብቅ ነው። መሪው ሯጯን መጎተትም መግፋትም አይችልም። በመጨረሻው መስመር ላይ ቢቀድማት ውጤቷ ይሰረዛል። እሱ መንገድ ያሳያል እንጂ ጉልበቱ የእሷ ነው።

በየመንደራችን ዓይነ ስውር ልጅ ያለው ቤተሰብ አለ። ልጁ ይወድቃል፣ ይጎዳል ብለን ቤት እናስቀምጠዋለን። ያዘንለት ይመስለናል፤ ነገር ግን ከትምህርት አስቀረነው። ዓይነ ስውር በጣቱ እየዳሰሰ የሚያነበው ብሬል የሚባል ጽሑፍ አለ። እኛ ከጎለመስን በኋላ ፊደል ከቆጠርን፣ እሱን ምን ያግደዋል? እጁን ይዘን ትምህርት ቤት እናድርሰው። ከዚያ ወዲያ ጉልበቱ የራሱ ነው።