የትዳር ጓደኛ ዕዳ ተመላሽ ግብርን ሲይዝ፦ ቅጽ 8379 እና የሚጠይቀው የጥበቃ ጊዜ

በዩናይትድ ስቴትስ ባልና ሚስት ዓመታዊ የግብር ማስታወቂያቸውን በጋራ ሲያቀርቡ፣ በትርፍነት የተከፈለው ግብር በሁለቱም ስም ተመላሽ ይሆናል። ይሁን እንጂ ከሁለቱ አንዱ ያልተከፈለ የልጅ ቀለብ፣ የፌዴራል የተማሪ ብድር፣ ውዝፍ የፌዴራል ወይም የስቴት የገቢ ግብር ያለበት ከሆነ፣ ገንዘቡ ወደ ቤተሰቡ ከመድረሱ በፊት ለዚያ ዕዳ መክፈያ ሊውል ይችላል። ዕዳው ከጋብቻው በፊት የመጣ መሆኑ ይህን አያስቀረውም። ዕዳው የማይመለከተው የትዳር ጓደኛ ግን የራሱን ድርሻ ለይቶ የመጠየቅ መብት አለው፤ ጥያቄውም የሚቀርበው በቅጽ 8379 ነው።

ቅጹን የሚያቀርበው ሰው በአገር ውስጥ ገቢ አገልግሎት (አይአርኤስ) አጠራር «ኢንጀርድ ስፓውዝ»፣ ማለትም ተጎጂ የትዳር ጓደኛ ይባላል። መጠሪያው በእንግሊዝኛም ሆነ በአማርኛ አሳሳች ነው። የአካል ጉዳትን ወይም በትዳር ውስጥ የደረሰን በደል አይመለከትም፤ ጉዳት የተባለው የሌላ ሰውን ዕዳ በራስ ገንዘብ መክፈል ነው። «ኢኖሰንት ስፓውዝ» ከሚባለውና በቅጽ 8857 ከሚቀርበው ጥያቄም መለየት ይኖርበታል። ያኛው የትዳር ጓደኛው በጋራ ማስታወቂያው ላይ ገቢ በመደበቁ ወይም በማሳሳቱ የተነሳ በሁለቱም ላይ ከመጣ የግብር ኃላፊነት ነጻ ለመሆን የሚቀርብ ነው። ሁለቱን ቅጾች ማምታታት ብዙ ሳምንታትን በከንቱ ያስፈጃል።

ጥያቄው ተቀባይነት እንዲያገኝ አመልካቹ ለዕዳው በሕግ ተጠያቂ ያልሆነ መሆን አለበት። ከዚህም ሌላ ለግብሩ የራሱ አስተዋፅኦ ሊኖረው ይገባል፤ ይኸውም ከደመወዙ የተቀነሰ ወይም በቅድሚያ የከፈለው ግብር፣ አለዚያም እንደ የሠራተኛ ገቢ ክሬዲት ያለ ተመላሽ የሚሆን የግብር ክሬዲት ነው። ብዙ አመልካቾች የተመላሹ ግማሽ በቀጥታ የሚደርሳቸው ይመስላቸዋል። አሠራሩ እንዲህ አይደለም። በሜሪላንድ የሚኖሩ ባልና ሚስትን ለምሳሌ እንውሰድ፦ ባል የቆየ የቀለብ ዕዳ አለበት፤ በዓመቱ ደመወዝ ያገኘችውና ግብር የተቀነሰባት ሚስት ብቻ ናት እንበል። በዚህ ሁኔታ ከደመወዟ በትርፍ የተቀነሰው በመሠረቱ የእሷ ድርሻ ነው። ነገሩ ተገላብጦ የሠራው ባል ብቻ ቢሆን፣ ሚስትም የራሷ ገቢና ክሬዲት ባይኖራት፣ ቅጹ ተሟልቶ ቢቀርብም የሚመለስላት ገንዘብ ላይኖር ይችላል። ሁለቱም በሚሠሩበት ቤት ግን እያንዳንዱ ያገኘው ገቢና የተቀነሰበት ግብር በቅጹ ላይ ተለይቶ ይሞላል፤ ድርሻውን አስልቶ የሚወስነው አይአርኤስ ነው። የሠራተኛ ገቢ ክሬዲትንም የሚያከፋፍለው መሥሪያ ቤቱ በመሆኑ አመልካቹ በራሱ ግምት አይከፍለውም።

በአሪዞና፣ በካሊፎርኒያ፣ በአይዳሆ፣ በሉዊዚያና፣ በኔቫዳ፣ በኒው ሜክሲኮ፣ በቴክሳስ፣ በዋሽንግተን ስቴትና በዊስኮንሲን ለሚኖሩ ስሌቱ የሚከተለው የየስቴቱን የጋራ ንብረት ሕግ ነው። በሲያትል ወይም በዳላስ የሚኖር ቤተሰብ በሜሪላንድ የሚኖር ዘመዱ ያገኘውን ውጤት ለራሱ መጠበቅ የለበትም።

የጥበቃ ጊዜው እንዴት ይቆጠራል?

በኤሌክትሮኒክ መንገድ የቀረበ ተራ የግብር ማስታወቂያ አብዛኛውን ጊዜ በ21 ቀናት ውስጥ ተመላሹ ይከፈላል። ቅጽ 8379 ሲጨመር ይህ መለኪያ አይሠራም። ቅጹ ከጋራ ማስታወቂያው ጋር በኤሌክትሮኒክ መንገድ ከቀረበ 11 ሳምንት ያህል፣ አብሮ በወረቀት ከቀረበ 14 ሳምንት ያህል ይወስዳል። ማስታወቂያው አስቀድሞ ቀርቦ ከተስተናገደ በኋላ ቅጹ ለብቻው ሲላክ ደግሞ 8 ሳምንት ያህል ነው። በፌብሩዋሪ 10 በኤሌክትሮኒክ መንገድ ያቀረበ ቤተሰብ እስከ ኤፕሪል መጨረሻ፣ በዚያው ቀን በወረቀት ያቀረበ ደግሞ እስከ ሜይ ሦስተኛ ሳምንት ሊጠብቅ ይችላል ማለት ነው። የቤት ኪራይን ወይም የመኪና ክፍያን በዚህ ገንዘብ ላይ ያሰበ ቤተሰብ ይህን ከወዲሁ ቢያውቅ ይጠቅመዋል።

8 ሳምንት ከ11 እና ከ14 ያንሳልና ቅጹን ለይቶ ማቆየት ይሻላል የሚል ሐሳብ ሊመጣ ይችላል። ነገር ግን ለብቻው የሚቀርበው ቅጽ የሚቆጠርለት ማስታወቂያው ከተስተናገደ በኋላ ነው፤ ገንዘቡም እስከዚያ ድረስ ለዕዳው ተላልፎ ሊሆን ይችላል። ዕዳ መኖሩ አስቀድሞ ከታወቀ ቅጹን ከማስታወቂያው ጋር ማቅረብ ይመረጣል። በማካካሻው ፕሮግራም የተመዘገበ ዕዳ መኖር አለመኖሩን፣ የግምጃ ቤት መሥሪያ ቤት አካል የሆነው የፊስካል አገልግሎት ቢሮ በ800-304-3107 ይገልጻል። ቢሮው ገንዘብ ለዕዳ ሲያውል የመጀመሪያውን የተመላሽ መጠን፣ የተወሰደውን ገንዘብና ገንዘቡ የተላከለትን መሥሪያ ቤት የሚገልጽ ደብዳቤ ይልካል። ይህ ደብዳቤ መጣል የለበትም። ዕዳው ራሱ ስሕተት ነው የሚል ሰው የሚከራከረው በደብዳቤው ላይ ከተጠቀሰው መሥሪያ ቤት ጋር እንጂ ከአይአርኤስ ጋር አይደለም።

ጥበቃውን የሚያራዝሙት ብዙውን ጊዜ ጥቃቅን ጉድለቶች ናቸው። የሁለቱ ስምና የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር በጋራ ማስታወቂያው ላይ በሰፈረበት ቅደም ተከተል መጻፍ አለበት፤ የመጀመሪያው ስም የባል ከሆነ፣ አመልካቿ ሚስት ብትሆንም ቅደም ተከተሉ አይለወጥም። ቅጹ ለብቻው ሲላክ ግብር መቀነሱን የሚያሳዩት የሁለቱም የደብሊው-2 እና የ1099 ቅጂዎች ይያያዛሉ፤ አስቀድሞ የቀረበው ማስታወቂያ ቅጂ ግን አይያያዝም። በወረቀት አብሮ ሲቀርብ በማስታወቂያው የመጀመሪያ ገጽ የላይኛው ግራ ጥግ ላይ «ኢንጀርድ ስፓውዝ» የሚለው በእንግሊዝኛ ይጻፋል። ሳምንታቱ ሳያልቁ መልስ ቀረ ብሎ ሁለተኛ ቅጽ መላክ ጉዳዩን አያፋጥንም፤ ይልቁንም ያወሳስበዋል።

ዕዳው የልጅ ቀለብ ሲሆን ከጋራ ማስታወቂያ የተወሰደውን ገንዘብ ስቴቱ ለልጁ አሳዳጊ ሳያስተላልፍ እስከ 6 ወር ሊያቆየው ይችላል። ይህ የሚደረገው ሌላኛው የትዳር ጓደኛ ድርሻውን ሊጠይቅ ስለሚችል ነው። በመሆኑም መዘግየቱ በሁለቱም ቤት ይሰማል።

የተጠቀሱት ሳምንታት ካለፉ በኋላ አመልካቹ ወደ አይአርኤስ በ800-829-1040 ሊደውል ይችላል። አማርኛ አስተርጓሚ መጠየቅ ይቻላል፤ ለዚህም ክፍያ የለም። መዘግየቱ ቤተሰቡን ለከባድ የገንዘብ ችግር የዳረገ እንደሆነ፣ በአይአርኤስ ውስጥ ራሱን ችሎ የሚሠራው የግብር ከፋዮች ተሟጋች አገልግሎት በ877-777-4778 ወይም በቅጽ 911 ጥያቄ ይቀበላል። ከቤት ማስወጣት ማስጠንቀቂያን ወይም የመብራት ማቋረጫ ደብዳቤን የመሰለ ማስረጃ በእጅ ቢኖር ጉዳዩን ለማስረዳት ይረዳል። ተመላሹን አስቀድሜ አስለቅቃለሁ እያለ ገንዘብ የሚጠይቅ አማላጅ ግን ወረፋውን የሚያሳጥርበት መንገድ የለውም።

ቅጹ ለአንድ የግብር ዓመት ብቻ ያገለግላል፤ ዕዳው ተከፍሎ እስኪያልቅ በየዓመቱ እንደገና ይቀርባል። ባለፉት ዓመታት ተመላሹ ተወስዶበት ምንም ያልጠየቀ ሰውም ጊዜው ላያልፍበት ይችላል። ጥያቄው የሚቀርበው ማራዘሚያን ጨምሮ የመጀመሪያው ማስታወቂያ መቅረብ ከነበረበት ቀን አንሥቶ በ3 ዓመት፣ ወይም በኋላ ለዕዳ የዋለው ግብር ከተከፈለበት ቀን አንሥቶ በ2 ዓመት ውስጥ ነው፤ ከሁለቱም ዘግይቶ የሚያበቃው ይያዛል።