የቡና አልጋችሁ ረገበ? ብረት ከመግዛታችሁ በፊት ይህን አንብቡ

ቴፒና ሚዛን አካባቢ ለቀማ ሊደርስ ሲል አንድ ጥያቄ አይቀርም፤ «የማድረቂያ አልጋው ረገበብኝ፣ በብረት ልቀይረው?» ለእያንዳንዱ ሰው ከምመልስ ሂሳቡን እዚሁ ላስቀምጠው።

መቼም አልጋው አይሰበርም። ጣጣው መሃሉ ሲሰረጉድ ቡናው ወደዚያ መንሸራተቱ ነው። ዳር ያለው እሸት ጀንፈል ሲሆን የመሃሉ ተከምሮ እርጥበቱን ይዞ ይቆያል፣ ሻጋታም የሚጀምረው ከዚያ ነው። ስለዚህ አግዳሚው መሸከሙ ብቻ አይበቃም፤ ሳይጎብጥ መሸከም አለበት።

አንድ ሜትር ስፋት ባለው አልጋ ላይ በ3 ሳንቲሜትር ውፍረት የተሰጣ እርጥብ ቡና በየሜትሩ 20 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ሁለቱ የዳር አግዳሚዎች እኩል ይካፈሉታል። ቋሚዎቹ በ3 ሜትር ርቀት ቢተከሉ፣ 6 ሳንቲሜትር ውፍረት ያለው የባሕር ዛፍ አግዳሚ መሃሉ ላይ 1.7 ሳንቲሜትር ያህል ይወርዳል። እንጨቱ ሳይደርቅ ከተሠራበት ደግሞ ጭነቱን ተሸክሞ በሰነበተ ቁጥር ጉብጠቱ እየባሰ ይሄዳል።

ብረት በቁስነቱ ከባሕር ዛፍ 20 እጥፍ ገደማ ግትር ነው። ታዲያ በዚያው ቦታ 30 በ30 ሚሊ፣ የግድግዳው ውፍረት 1.5 ሚሊ የሆነ ቱቦላሬ ብናጋድም 2.3 ሳንቲሜትር ይወርዳል። ገንዘብ አውጥተን ከእንጨቱ የባሰ ጉብጠት ገዛን ማለት ነው!

ምስጢሩ ቅርጹ ላይ ነው። አግዳሚ ሲጎብጥ የላይኛው ጎኑ ይጨመቃል፣ የታችኛው ይለጠጣል፣ መሃሉ ግን ብዙም ሥራ የለውም። ስለዚህ ቁሱ ወደ ላይና ወደ ታች ከመሃል በራቀ መጠን ጉብጠትን ይከላከላል። ቱቦላሬው የተሸነፈው ቀጭን በመሆኑ ነው። የባሕር ዛፉን ውፍረት ከ6 ወደ 7.2 ሳንቲሜትር ብታሳድጉ ጉብጠቱ በግማሽ ይቀንሳል። 5 በ10 ሞራሌ ካላችሁም በሰፊው ጎኑ አታስተኙት፤ በጠባቡ አቁሙት። ያው እንጨት፣ ያው ዋጋ፣ ጉብጠቱ ግን አንድ አራተኛ ብቻ ይሆናል።

የማሻ ደጋ ቀርከሃ ይህን በተፈጥሮው አግኝቶታል። 8 ሳንቲሜትር ውፍረትና 1 ሳንቲሜትር ግድግዳ ያለው ቀርከሃ፣ ውስጡ ድፍን ቢሆን ከሚፈጀው ቁስ 44 በመቶውን ብቻ ይዞ 68 በመቶ ያህል ግትርነቱን ይጠብቃል። አንጓዎቹ ደግሞ ክፍት ቱቦው እንዳይጨፈለቅ ይይዙታል። ምስማር ግን ስለሚሰነጥቀው ማሰር ይሻላል።

ከሁሉም የሚረክሰው መፍትሔ ሌላ ነው፦ በሁለቱ ቋሚዎች መሃል አንድ ቋሚ ጨምሩ። ርቀቱ ከ3 ሜትር ወደ 1.5 ሲወርድ ጉብጠቱ ቢያንስ በ16 እጥፍ ይቀንሳል። ያ 1.7 ሳንቲሜትር 1 ሚሊሜትር ገደማ ሆነ ማለት ነው።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦

1. ቋሚ አቀራርቡ።
2. አግዳሚውን በጠባቡ ጎኑ አቁሙ፣ ወይም ወፈር ያለ ምረጡ።
3. ቁስ መቀየር የመጨረሻው ነው። ምስጥ ካስቸገራችሁ ብረት የራሱ ጥቅም አለው፤ ለጉብጠት ብላችሁ ከሆነ ግን መጠኑን አስልታችሁ ግዙ።

ቡናው እንደተሰጣ ከቋሚ ቋሚ ሲባጎ ወጥራችሁ መሃሉ ላይ በማስመሪያ ለኩ። በ3 ሜትር ላይ ከ1 ሳንቲሜትር በላይ ከወረደ፣ ቋሚ የሚጨመርበት ቦታ እዚያው የለካችሁበት ነው።