የማይከደን ዐይን

ሜሪላንድ ወይም ቨርጂኒያ የሚኖር ሐበሻ አንድ ጠዋት ፊቱ ወደ አንድ ጎን ተጣሞ ቢነሳ፣ ቤተሰቡ የሚለው «ብርድ መቶት ነው» ነው። አንዱ ዐይኑ አይከደንም፤ ተኝቶም ነጩ ይታያል። እንባው ይፈሳል፣ ግን የዐይኑ የፊት መስታወት፣ ኮርኒያ፣ እየደረቀ ይቆስላል። የዐይን ቆብን የሚከድነው 7ኛው የራስ ነርቭ ታሟል። ወቅቱ ሙቀት ከሆነ ደግሞ ላይም የተባለው የመዥገር በሽታ መጠርጠር አለበት።

እ.ኤ.አ. በ1975 ኮነቲከት ውስጥ፣ ላይም በተባለ አካባቢ፣ ፖሊ መሪ የምትባል እናት የልጆቿ መገጣጠሚያ ሲያብጥ የጤና ባለሥልጣናትን ወትውታ ጥናት አስጀመረች። የላይምን ተህዋሲ መዥገር ውስጥ ያገኘው ዊሊ በርግዶርፈር ነው፤ ግኝቱ በ1982 ታተመ። ይኸው ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር በ1973 ባወጣው ጥናት የኢትዮጵያን መዥገሮች መርምሮ ሪኬትሲያ የተባለ ሌላ ባክቴሪያ አግኝቶባቸው ነበር። ዛሬ አሜሪካ ውስጥ በዓመት 476,000 ያህል ሰው ለላይም እንደሚታከም ይገመታል።

በሽታው ሲጀምር ዐይን ሊቀላ ይችላል፤ ማንም ከቁም ነገር አይቆጥረውም። ሲሰነብት የዐይኑን ውስጥ ያስቆጣል፤ ብርሃን ያስጠላል፣ እይታ ይደበዝዛል። ልጆች ላይ የራስ ቅል ግፊት ጨምሮ የእይታ ነርቭ ሊያብጥ ስለሚችል፣ ራስ ምታት ያልለቀቀው ልጅ ዐይኑ ውስጡ ድረስ መታየት አለበት።

እኔን የሚያንገበግበኝ ግን ሌላ ነው። ሁሉም «ቀይ ክብ ሽፍታ ፈልጉ» ይላል፤ በምሳሌነት የሚታየው ፎቶ ግን በአብዛኛው የነጭ ቆዳ ነው። በእኛ ቆዳ ላይ ሽፍታው ጠቆር ብሎ፣ በለዝ መስሎ ያልፋል። ጥቁር ታካሚዎች ብዙ ጊዜ የሚታወቅላቸው በሽታው ከተሰራጨ በኋላ መሆኑን ጥናቶች አሳይተዋል። «መዥገር ነክሶህ ነበር?» ማለትም አይበቃም። እኛ የምናውቀው ከከብት ላይ የሚነቀለውን፣ ደም ጠጥቶ ያበጠውን ነው፤ ላይምን በብዛት የሚያስተላልፈው ግን ጤፍ የምታህለው ያላደገችው ናት፤ ስትነክስም አታምም። ሐኪሙ «ጫካ ወይም ረጅም ሣር ውስጥ ገብተህ ነበር?» ይበል፤ ካልጠየቀም ታካሚው ራሱ ይንገረው።

የፊቱ መጣመም ከላይም መሆን አለመሆኑ ሕክምናውን ይለውጣል። ምክንያቱ ላልታወቀ የፊት መጣመም ቶሎ የሚሰጠው ስቴሮይድ ነው፤ ለላይም ግን ዋናው መድኃኒት ከ14 እስከ 21 ቀን የሚወሰድ ዶክሲሳይክሊን የተባለ አንቲባዮቲክ ነው። እስኪድን ድረስ ዐይኑ ቀን በጠብታ ይርጠብ፤ ሌሊት ቅባት ተደርጎለት ቆቡ በፕላስተር ይያዝ። የላይም የደም ምርመራ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት «የለም» ሊል ስለሚችል፣ ምልክቱ ካለ ከሳምንታት በኋላ ይደገም።