በየካ ሚካኤል ሽኝት

በ2016 ዓ.ም. የጥምቀት ማግሥት፥ ጥር 12 ቀን፥ የየካ ሚካኤል ታቦት ወደ ደብሩ ሲመለስ ለማጀብ ከእንጦጦ ተረተር ሥር ከሕዝቡ ጋር ቆመን ነበር። ከፊት መዘምራኑ በከበሮና በጸናጽል ያሸበሽባሉ፤ ከኋላ ወጣቱ እንደየአገሩ ክብ ሠርቶ ይጨፍራል፤ አንዱ ትከሻውን ይሰብቃል፥ ሌላው ዱላውን እያወዛወዘ ይዘላል። እኛ ተመልካች ነን ብለን ዳር ብንይዝ አንድ ሽማግሌ «እጃችሁ ታስሯል እንዴ?» ብለው አስጨበጨቡን።

ቅር ያሰኘን የድምፅ ማጉያው ነው። ሽማግሌው ግጥም ሲያወርዱ መኪና ላይ የተጫነው ጩኸት ዋጣቸው፤ ተቀባይም አጡ። በዓሉን ዩኔስኮ በ2012 ዓ.ም. በቅርስነት መዝግቦታል፤ የእርሳቸውን ግጥም ግን ከተቀባይ በቀር ማን ይይዘዋል? መኪናው ራቅ ሲል ሽማግሌው እንደገና ጀመሩ፤ እኛም ተቀበልናቸው።