ጉዳቱን ቀድሞ የሚናገር ይታመናል

እኛ የጤና ባለሙያዎች በጎጃም በዲማ አካባቢ የማኅፀን በር ካንሰር መከላከያ ክትባት ለመስጠት ስንወጣ፣ የክትባት መያዣ ማቀዝቀዣ ሣጥናችን ትምህርት ቤት ከመግባቱ በፊት በቴሌግራም የሚደርስ የድምፅ መልእክት አለ። «ልጆቻችሁን መካን ሊያደርጓቸው ነው» ይላል። ተናጋሪው ስሙን አይናገርም፤ ወሬውን ከየት እንዳመጣውም አይገልጽም። ነገር ግን አነጋገሩ የአገሬው ነው፤ ለልጅ የተጨነቀ ወላጅም ይመስላል። ስልክ ያለው ለሌለው ያሰማዋል። ክትባቱ በአገራችን መሰጠት ከጀመረበት ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ ይህ ወሬ መልኩን እየቀያየረ ይከተለናል።

አንዲት እናት ልጃቸውን በእጃቸው ይዘው በትምህርት ቤቱ በር ላይ አስቆሙኝ። «ልጄ፣ የሚወራው እውነት ነው ወይ?» አሉኝ። «ሐሰት ነው» ብሎ ማለፍ ይቻል ነበር፤ ሐሰት ነው ማለት ብቻውን ግን ለእናት መልስ አይሆንም። ብልቃጡን አውጥቼ አሳየኋቸው፤ የአገልግሎት ጊዜው የሚያበቃበትን ቀን አነበብሁላቸው። «መካን አያደርጋትም። ማታ ግን ክንዷን ያማታል፤ ትንሽ ሊያተኩሳትም ይችላል። መርፌ ፈርተው ራሳቸውን የሚስቱ ልጆች ስላሉ 15 ደቂቃ እዚሁ አስቀምጠን እናያታለን» አልኋቸው። ጥቂት አሰቡና፣ «ምንም አያማትም ብትለኝ ኖሮ ይዣት እመለስ ነበር» አሉኝ።

የሥራችን ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው። «ምንም አትሆኚም» ያልናት ልጅ ሌሊት ካተኮሳት፣ ትኩሳቱ ለወሬው ምስክር ይሆናል። አስቀድመን ከነገርናት ግን ያው ትኩሳት ለእኛ ይመሰክራል። ሦስት ልጃገረዶች በፍርሃት ሲወድቁ አንድ ሰው ፎቶ ቢያነሳ፣ ፎቶው እውነተኛ ነው፤ የተጻፈበት ቃል ግን ሐሰት ሊሆን ይችላል። ያንን ቃል ልናሸንፍ የምንችለው ፎቶው ከመነሳቱ በፊት በተናገርነው ነው።

ወሬ እስከ ምን እንደሚያደርስ ጎጃም አይቷል። በጥቅምት 2011 ዓ.ም. አዲስ ዓለም በተባለች ከተማ ለጥናት የሄዱ ሁለት ተመራማሪዎች፣ ልጆችን በክትባት ስም ይመርዛሉ ተብሎ ተወርቶባቸው በሕዝብ እጅ ተገደሉ። ይህን ሳስብ፣ በስልክ የተላለፈ አንድ ዓረፍተ ነገር ቀላል ነገር ነው ማለት አልችልም።

ሕግ አለን። የጥላቻ ንግግርና ሐሰተኛ መረጃን የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 1185 በ2012 ዓ.ም. ወጥቷል። ሕግ አጥፊን ይቀጣል፤ መታመንን ግን ለማንም አይሰጥም። ኢንተርኔት መቋረጡም መፍትሔ እንዳልሆነ አይተናል። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን በአማራ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ሲጠፋ፣ ወሬው በገበያና በመናኸሪያ መንገዱን ቀጠለ፤ የተቋረጠው የሚያጣሩበት መንገድ ነበር።

መታመን እንዴት እንደሚገኝ ግን አካባቢያችን ራሱ ያሳየናል። ዲማ ጊዮርጊስ የቅኔ አገር ነው፤ ደራሲ ሐዲስ ዓለማየሁን ጨምሮ ብዙዎች ተምረውበታል። የቅኔ ተማሪ ሲቆጥር የዋለውን ቅኔ ይዞ መምህሩ ፊት ይቀርባል፤ በነገራ ሰዓት ጓደኞቹ እየሰሙት ይናገራል፤ ምሥጢሩ ያልገጠመ እንደሆነ የኔታ እዚያው ያቃኑለታል። የስልኩ ድምፅ የጎደለው ይህ ነው፤ ፊት የለውም፣ አራሚም የለውም። እኛ የጤና ባለሙያዎች ከእሱ የምንለየው በዲግሪያችን አይደለም። ፊት ለፊት ቆመን ስለምንናገር፣ ስንሳሳትም ለመታረም ስለምንገኝ ነው።

ስለዚህ ለሥራ ባልደረቦቼ የምለው ይህን ነው። ከክትባቱ ቀን ቀደም ብላችሁ ወላጆችን፣ ርእሰ መምህሩንና የደብሩን አስተዳዳሪ ሰብስቡ። ክትባቱ በልጃገረድነት ዕድሜ ለምን እንደሚሰጥ አስረዱ፤ የማኅፀን በር ካንሰር በአገራችን እናቶችን በብዛት ከሚገድሉት የካንሰር ዓይነቶች አንዱ መሆኑን ሳትሸሽጉ ንገሩ። የምትገኙበትን ስልክ ስጡ፤ ሌሊት ቢደወልም አንሱ። የማታውቁትን ሲጠይቋችሁ «አጣርቼ እነግርዎታለሁ» በሉ፤ ካላችሁ በኋላም አጣርታችሁ ተመለሱ። አንዲት ልጅ ብትታመም በዚያው ቀን ቤቷ ድረስ ሂዱ፤ የሆነውንም ለመንደሩ ራሳችሁ ተናገሩ። ክፉውንም ደጉንም ከእናንተ የሰማ ወላጅ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ያ የድምፅ መልእክት ሲደርሰው ለሌላ ከማስተላለፉ በፊት ለእናንተ ይደውላል።