ኮከብ የሚከተል ሞተር

በ100 እጥፍ የሚያጎላ ቴሌስኮፕ በአንድ ጊዜ የሚያሳየው የሰማይ ክፍል ብዙውን ጊዜ ከግማሽ ዲግሪ አይበልጥም። ምድር በዛቢያዋ ላይ ስለምትሽከረከር ሰማዩ በየደቂቃው ሩብ ዲግሪ ያህል ወደ ምዕራብ ይጓዛል፤ መሃል ላይ የተያዘች ፕላኔት በአንድ ደቂቃ ገደማ ጠርዝ ደርሳ ትሰወራለች። በእጅ እየገፉ መከተል ይቻላል፤ ደብዛዛ ኮከቦችን ፎቶ ማንሳት ግን የማይታሰብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1824 ጆሴፍ ፍራውንሆፈር ለዶርፓት፣ ለዛሬዋ የኢስቶኒያ ከተማ ታርቱ፣ የሠራውን ቴሌስኮፕ የሚያዞረው ቀስ እያለ በሚወርድ ክብደት የሚሠራ ሰዓት ነበር። ዛሬ ለዚህ ሥራ ትንሽ ሞተርና ባለ 12 ቮልት ባትሪ ይበቃሉ።

አንደኛው የቴሌስኮፑ ዘንግ ከምድር ዛቢያ ጋር ትይዩ መሆን አለበት። ከዚያ ዘንጉ በ23 ሰዓት ከ56 ደቂቃ ከ4 ሰከንድ አንዴ ይዞራል። ከ24 ሰዓት ወደ አራት ደቂቃ የሚያንሰው ምድር እየተሽከረከረች ፀሐይንም ስለምትዞር ነው።

ከሁሉ የሚቀለው አሠራር ክንድና ብሎን ነው። ከዘንጉ ጋር ጠንካራ ክንድ ይታሰርና ረጅም ብሎን ቀስ እያለ ይገፋዋል። ክንዱ በእጅ ላልቶ መልሶ የሚጠብቅ ቢሆን ቴሌስኮፑን ወደ ሌላ ኮከብ ማዞር አያስቸግርም። 6 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው የተለመደ ብሎን አንድ ዙር ሲዞር 1 ሚሊሜትር ይሄዳል። ከዘንጉ መሃል እስከ ብሎኑ ያለው ርቀት 228.6 ሚሊሜትር ከሆነ፣ ብሎኑን በደቂቃ አንድ ዙር የሚያዞር ሞተር ከሰማዩ እኩል ይሄዳል። እዚህ ላይ የ2 ሚሊሜትር ስሕተት ፍጥነቱን አንድ በመቶ ያህል ያዛባል፤ ስለዚህ ሜትሩ በጥንቃቄ ይያዝ።

ብሎኑ የሚሄደው ቀጥ ብሎ፣ ክንዱ የሚሄደው ግን በክብ ነው። ሁለቱ ቀጥ ባለ ማዕዘን ሳሉ ቢጀመር፣ ከ10 ደቂቃ በኋላ ክንዱ በ6 የቅስት ሰከንድ ወደ ኋላ ይቀራል፤ አንድ ዲግሪ 3,600 የቅስት ሰከንድ ነው። በ20 ደቂቃ ግን ስሕተቱ ስምንት እጥፍ ያህል አድጎ 46 ይደርሳል፤ ጁፒተር በሰማይ ላይ ያላትን ስፋት ያህል ማለት ነው። በትንንሽ እርምጃ የሚዞር ስቴፐር ሞተርና የሚያዝዘው አርዱይኖ የተባለ አነስተኛ የኮምፒውተር ሰሌዳ ያለው ሰው ፍጥነቱን በየደቂቃው በጥቂቱ እያሳደገ ያስተካክለዋል፤ የሌለው ብሎኑን መልሶ እንደገና ይጀምራል።

በብሎኑና በዳዶው መካከል ምንጊዜም ትንሽ ክፍተት አለ። ቴሌስኮፑ ፍጹም ሚዛን ከጠበቀ ነፋስ በነካው ቁጥር ወዲያ ወዲህ ይላል። ስለዚህ የምሥራቁ ወገን ሆን ተብሎ ትንሽ ከበድ ይደረጋል፤ ክንዱም ብሎኑ ላይ እንደተደገፈ ይቆያል።

አዲስ አበባ ላይ ዘንጉ ወደ ሰሜን ዞሮ ከአግድም 9 ዲግሪ ብቻ ከፍ ይላል። ከፋብሪካ የሚወጡ ብዙ መቆሚያዎች ይህን ያህል ዝቅ ስለማይሉ በቤት የተሠራው እዚህ ይበልጣቸዋል። ከእንጦጦ ግርጌ ላለ ሰው ግን ዘንጉ የሚነጣጠርበትን የሰሜን ኮከብ ተራራው ሊጋርድበት ይችላል። ያኔ ሞተሩ እየሠራ አናት አካባቢ ያለ ኮከብ ይታያል፤ ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ ከሸሸ የዘንጉ አቅጣጫ ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ምዕራብ ዞሯል ማለት ነው። የዘንጉን ከፍታ ለማረም ደግሞ ምሥራቅ አድማስ ላይ ያለ ኮከብ ይመረጣል። ከሥራው ሁሉ ሞተሩ ቀላሉ ነው፤ ሌሊቱን የሚወስደው ይህ ማስተካከል ነው።