ሕክምናው አለቀ፤ ድካሙስ?

የመጨረሻውን ኬሞቴራፒ ከወሰደች ስድስት ወር ሆኗታል። ፀጉሯ ማደግ ጀምሯል፣ ጠያቂው ቀንሷል፣ ልታስታምማት የመጣችው እህቷም ወደ ቤቷ ተመልሳለች። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ዳንሽ!» ይላታል የሚያያት ሁሉ። እሷ ግን ጠዋት ልጆቿን ቁርስ አብልታ ሰርቪስ ካሳፈረች በኋላ ሶፋው ላይ ጋደም ሳትል ሌላ ሥራ መጀመር አትችልም። ሌሊቱን ሙሉ ተኝታም ያልተኛች ይመስላታል። «ድነሽ ደግሞ ምን ሆንሽ?» እንዳትባል ፈርታ ለማንም አትናገርም።

እንዲህ ያለ ዝምታ ያለበት ቤት ጥቂት አይደለም።

ስንፍና አይደለም

ከካንሰር ሕክምና በኋላ የሚቆየውን ድካም ሐኪሞች በሚገባ ያውቁታል። ከተለመደው ድካም የሚለየው በእንቅልፍና በእረፍት ብቻ የማይለቅ መሆኑ ነው። ቀዶ ሕክምናው፣ ኬሞቴራፒውና የጨረር ሕክምናው ሰውነትን ክፉኛ ስለሚፈትኑት ለማገገም ጊዜ ይፈልጋል። ብዙዎች በወራት ውስጥ እየተሻላቸው ይሄዳል፤ በአንዳንዶች ላይ ግን ከዓመት በላይ ሊቆይ ይችላል። ነገር መርሳትና ሐሳብን መሰብሰብ አለመቻልም አብረውት ሊመጡ ይችላሉ። ድካሙ በራሱ ግን ካንሰሩ ተመልሷል ማለት አይደለም።

መጀመሪያ ምክንያቱ ይታወቅ

«ያልፋል» ብሎ ከመቻል በፊት ለሐኪም መንገር ይቀድማል። ምክንያቱም ከድካሙ ጀርባ ሊታከም የሚችል ችግር ሊኖር ይችላል፦ የደም ማነስ፣ የታይሮይድ ዕጢ ሥራ መቀነስ፣ ሕመም፣ ድብርት ወይም የእንቅልፍ ችግር። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ተራ የደም ምርመራ ያሳያቸዋል። ደም ያንሰኛል ብሎ ቀይ ሥር ከማብዛት በፊት ምርመራው ይሻላል። ለጡት ካንሰር ለዓመታት የሚወሰዱ የሆርሞን መድኃኒቶችም በሌሊት ሙቀትና ላብ እያመጡ እንቅልፍ ሊነሱ ይችላሉ። ይህ ሲሆን ለሐኪም ይነገራል እንጂ መድኃኒቱ በራስ ውሳኔ አይቋረጥም።

አንዳንድ የኬሞቴራፒ መድኃኒቶች ልብን ሊጎዱ ስለሚችሉ ትንፋሽ ማጠር፣ የደረት ሕመም ወይም የእግር እብጠት ከታየ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ወደ ሐኪም መሄድ ያስፈልጋል።

ጥቂት እንቅስቃሴ

ለደከመው ሰው እንግዳ ቢመስልም፣ ድካሙን ከሚቀንሱ ነገሮች ዋነኛው እንቅስቃሴ ነው። ቀኑን ሙሉ መተኛት ጡንቻን ያሰንፋል፤ ድካሙንም ያብሳል። ጠዋት ፀሐይ ሳይበረታ በ10 ደቂቃ የእግር ጉዞ መጀመር፣ ከዚያም ቀስ በቀስ በሳምንት አምስት ቀን ወደ 30 ደቂቃ ማሳደግ ይቻላል። የቀን እንቅልፍ ከግማሽ ሰዓት ባይበልጥ፣ ከሰዓት በኋላ የሚጠጣው ቡናም ቢቀር የሌሊቱ እንቅልፍ ይሻሻላል። ከባዱን ሥራ ጉልበት በሚገኝበት ሰዓት መሥራት፣ የቀረውን ለነገ ማሳደር ነውር የለበትም።

የቀጠሮ ሰሞን ፍርሃት

የክትትል ቀጠሮ ሲቃረብ እንቅልፍ ማጣት የብዙዎች ችግር ነው። ትንሽ ራስ ምታት «ተመልሶ ይሆን?» ያሰኛል። እዚህ ላይ አንድ መለኪያ ይረዳል፦ አዲስ የሆነ፣ ከሁለት ሳምንት በላይ የቆየ ወይም እየባሰ የሚሄድ ምልክት ለሐኪም ይነገራል። አዲስ እብጠት፣ የማይለቅ የአጥንት ሕመም፣ ያለ ምክንያት መክሳት ሲኖር ቀጠሮ አይጠበቅም። ጥያቄዎችን በማስታወሻ ይዞ መሄድ፣ ሐኪም ዘንድም ሁለት ሆኖ መግባት ጭንቀቱን ያቀላል።

ቤተሰቡስ?

ኬሞቴራፒው ሲያልቅ እርዳታውም አብሮ ማለቅ የለበትም። ባል የልጆቹን የቤት ሥራ ቢያሠራ፣ ትልቋ ልጅ እራቱን ብታቀርብ፣ ጎረቤት ቡናውን በእሷ ቤት አፍልታ ብትጠራት ቀላል የማይባል እረፍት ነው። «ምን ላግዝሽ?» ሲባል «ምንም» ማለት ይቀናታልና አለመጠየቅ፣ ሥራውን አንስቶ መሥራት ይሻላል።

«ዳንሽ ወይ?» የሚለው ጥያቄ «አዎ» ከማለት ሌላ መልስ አይሰጣትም። «ዛሬ ጉልበትሽ እንዴት ነው?» ብትባል ግን እውነቱን ለመናገር በር ይከፈትላታል።